የጡት ምርመራ ድጋፍ፦ የዋናው እድርና የሴቶች እድር የጋራ ሐሳብ፣ ለመስከረም 25 ጠቅላላ ጉባኤ (ረቂቅና አስተያየት)

ጸሐፊ፣ ነሐሴ 20

እሁድ በተነጋገርነው መሠረት ረቂቁን ጽፌዋለሁ። አንብቡት። እንደ ጄኔሬተሩ ጊዜ ጉባኤ ላይ ብድግ ብሎ «እኔ አላየሁትም» የሚል ሰው እንዳይኖር።

ዓላማ፦ በሁለቱ እድሮች ያሉ አቅም ያነሳቸው ሴቶች ጡታቸው ላይ እብጠት ወይም ሌላ ለውጥ ሲያገኙ፣ ምንነቱ ተለይቶ እስኪታወቅ ያለውን ወጪ እድር እንዲሸፍን።

ገንዘብ፦ ከዋናው እድር 120,000፣ ከሴቶች እድር 60,000፣ በድምሩ 180,000 ብር።

አጠቃቀም፦ 150,000 ብር ለአልትራሳውንድ፣ ለመርፌ ናሙና (ከእብጠቱ በመርፌ ተወስዶ ለሚመረመረው)፣ ለታክሲና ለቀረ የቀን ገቢ። 30,000 ብር ጥቅምት 9 እሁድ በእድሩ ሜዳ ድንኳን ተክለን ለምናደርገው የማስተማሪያና የምርመራ ቀን።

ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም። አምና ከላይ ሰፈር ሦስት ሴቶች ቀብረናል፣ ሁለቱን የወሰደው ይኸው በሽታ ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ነሐሴ 20

ባንክ ያለን 640,000 ነው። ደንቡ ከ400,000 በታች አይውረድ ስለሚል 120,000 ቢወጣ አያሰጋም። የማይገባኝ «የቀረ የቀን ገቢ» የሚለው ነው። እንዴት ይወራረዳል? ጥጥ ፈታይ ደረሰኝ አትቆርጥም። ኦዲተሩ ሲመጣ ጸሐፊውን አይጠይቅም፣ እኔን ነው የሚይዘኝ።

ሲስተር፣ ነሐሴ 20

እሱን መስመር እንዳትነኩት። የሐሳቡ እምብርት እሱ ነው።

ጤና ጣቢያ 27 ዓመት ሠርቻለሁ። ሴቶቻችን የሚዘገዩት እብጠቱን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። አብዛኞቹ ያውቁታል፣ በጣታቸው ነክተውታል፣ ለእህታቸው ነግረዋል። የሚጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ አንድ ቀን። ሪፈር ይዞ ሆስፒታል ካርድ ለማውጣት አንድ ቀን። የአልትራሳውንድ ቀጠሮ። ማሽኑ ተበላሽቷል ሲባል ውጭ አሠርታችሁ ኑ። ለመርፌው ሌላ ቀን፣ ውጤት ለመቀበል ሌላ ቀን። የባንክ ሠራተኛዋ ይህን ሁሉ በሁለት ሳምንት ትጨርሰዋለች፤ መሥሪያ ቤቷ ይከፍላል፣ ደመወዟም አይቆረጥም። እንጀራ ጋጋሪዋ አንድ ቀን በቀረች ቁጥር ደንበኛዋ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ሁለተኛውን ቀጠሮ ትዘልለዋለች፣ ሦስተኛው ይረሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዕቅድ፣ አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከረገጠችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ማለቅ አለበት ይላል። እኔ የማውቃቸው የላይ ሰፈር ሴቶች በ60 ቀን ካርድ ካወጡ ጥሩ ነው።

መምህር፣ ነሐሴ 21

የጤና መድህን አላቸው እኮ። እድር የመንግሥትን ሥራ ለምን ይሠራል?

ሲስተር፣ ነሐሴ 21

መድህኑ ታክሲ አይከፍልም። ማገዶና ጤፍም አይገዛም። «ዕቃው አልቋል፣ ውጭ ግዙ» ሲባል ያለው ወጪ ከራስ ኪስ ነው። ሆስፒታል ገብተው የወጡ ሁሉ ያውቁታል።

ንብረት ክፍል፣ ነሐሴ 21

ረቂቁ ላይ «ድንኳን ተክለን» ይላል። ማን ፈቀደ? አንቀጽ 14፦ የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ምጣድ ለሐዘን አገልግሎት ብቻ ይውላል። ንብረት ክፍል ሳይጠየቅ ንብረት ረቂቅ ውስጥ አይገባም። አምና የጠፉት 11 ወንበሮች እስካሁን በእኔ ስም ነው ያሉት።

ባሻ፣ ነሐሴ 21

እኔም ድንኳኑን ሳነብ ደነገጥሁ። የሐዘን ድንኳን እኮ ነው። ሰው ለቅሶ የተቀመጠበትን ሸራ ለጤነኛ ሴት ልትተክሉላት ነው? ይህ ሟርት ነው። በሕይወት ያለን ሰው ድንኳን ውስጥ አስቀምጦ «ነቀርሳ አለብሽ ወይ» ብሎ መጠየቅ የት አገር ታይቷል?

የቤቢ እናት (የሴቶች እድር ሰብሳቢ)፣ ነሐሴ 21

ባሻ፣ ይህ ድንኳን ለልጅዎ ሠርግ ሲተከል ሟርት አልነበረም? ሁለት ቀን ሙሉ ነው የተጨፈረበት። ለሠርግ ሲሆን ሸራ፣ ለሴቶች ጤና ሲሆን ሐዘን?

ባሻ፣ ነሐሴ 21

ለሠርጉ ኪራይ ከፍያለሁ። በነፃ የወሰድኩ አስመስለሽ አታውሪ።

የቤቢ እናት፣ ነሐሴ 21

ስለ ኪራይ ማን አነሳ? ግን ካነሡት፣ የተከፈለ መሆኑን እኔ አላየሁም።

ባሻ፣ ነሐሴ 21

ሌባ ነህ እያልሽኝ ነው? በ40 ዓመት አባልነቴ አንድ ወር መዋጮ አሳድሬ አላውቅም። ገንዘብ ያዥ ይመስክሩ። ካልሆነ መዝገቤ ይዘጋና ልሂድ።

ዳኛ፣ ነሐሴ 21

ሁላችሁም ረጋ በሉ። ገንዘብ ያዥ መዝገቡን አይተሽ ንገሪን።

ማሙሽ (የላይ ሰፈር ወጣቶች)፣ ነሐሴ 22

በድንኳኑ ምክንያት ዋናው ነገር ባይረሳ። ቤት ለቤት ዞሬ ስንት ሴት እብጠት እንዳላት፣ ስንቷ ሪፈር ይዛ እንደቀረች እመዘግባለሁ። ቅጹን ሲስተር ይስጡኝ፣ ከሰኞ እጀምራለሁ። ሁለት ጓደኞቼም አሉ።

ሲስተር፣ ነሐሴ 22

እግዚአብሔር ይስጥህ። አንድ ነገር ብቻ፦ ስም አይጻፍ፣ ቁጥር ብቻ። ወንድ ልጅ ሆነህ «ጡትሽ ላይ» ብለህ በር ላይ ስትጠይቅ ባል ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰማል። ከሴት ጋር ሂድ። ቅጹን በቤቢ እናት በኩል እልክልሃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፣ ነሐሴ 24

መዝገቡን አየሁ። ባሻ ለሠርጉ 1,500 ብር ከፍለዋል፣ ደረሰኙም በቦታው አለ። ጉዳዩ ይዘጋ።

የቤቢ እናት፣ ነሐሴ 24

ይቅርታ ባሻ። በንዴት ነው። የድንኳኑን ነገር ግን አልተውኩትም።

ሜሪላንድ (ከአሜሪካ)፣ ነሐሴ 25

የእናቴን መዋጮ እስካሁን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እኔም ልናገር። ሲስተር ያለችው ልክ ነው፣ እዚህም የሆነው እሱ ነው። ኒው ዮርክ ሃርለም የድሃ ጥቁሮች ሰፈር ነበር። ሃሮልድ ፍሪማን የሚባል ቀዶ ሐኪም እዚያ ሆስፒታል በጡት ካንሰር የታከሙ 606 ሴቶችን ቆጠረ። ግማሽ ያህሉ የመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። አምስት ዓመት የቆዩት ከመቶ 39 ብቻ። መጀመሪያ ነፃ ምርመራ ከፈተላቸው፣ አልበቃም። ምርመራው ላይ አጠራጣሪ ነገር የተገኘባት ሴት ወረቀቷን ይዛ ትጠፋ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1990 አብሯት የሚሄድ፣ ቀጠሮ የሚይዝላት፣ ስልክ የሚደውልላት ሰው መደበ። በኋላ ነፃ ምርመራውና አብሮ መሄዱ ተደምረው አምስት ዓመት የሚቆዩት ከመቶ 70 ደረሱ።

እኔም እዚህ አዛውንት ጠባቂ ሆኜ በሁለት ፈረቃ ነው የምሠራው። የመጀመሪያው ማሞግራም (የጡት ራጅ) በነፃ ነበር። «እንደገና መታየት አለብሽ» ሲሉኝ ሂሳቡ ከዚያ ጀመረ። ሁለተኛውን ፎቶ አራት ወር አሳደርኩት። ደህና ሆኜ ተገኘሁ፣ ግን አራት ወር እንቅልፍ አልነበረኝም። እዚህ አገር ጥቁር ሴት በጡት ካንሰር የምትያዘው ከነጯ በጥቂቱ ባነሰ ነው፤ የመሞት ዕድሏ ግን በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሀብታም አገር ነው፣ ማሽኑ ሞልቷል። ማሽን ብቻውን አላዳናቸውም።

ስለዚህ 150,000ውን አትንኩ። እኔ 300 ዶላር እጨምራለሁ።

መምህር፣ ነሐሴ 25

ዶላር ካለ ለምን ማሞግራም አንከራይም? አንድ ቀን አምጥተን ሁሉንም ሴት ማሳየት ነው። በዚያውም የሰፈሩ ስም ይነሳል፣ ሚዲያም ይመጣል።

ሲስተር፣ ነሐሴ 26

መምህር፣ ማሞግራም ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን የእኛ ታማሚዎች ብዙዎቹ ከ50 ዓመት በታች ናቸው። የወጣት ሴት ጡት ሥጋው ድፍን ስለሆነ ማሞግራም ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዕጢውም ነጭ ነው። በደመና ውስጥ ጥጥ መፈለግ ማለት ነው። ለእነሱ አልትራሳውንድ ይሻላል። እብጠት ላላት ሴት ደግሞ ቁርጡን የሚናገረው መርፌው ነው።

እጅም አትናቁ። ሕንድ አገር ሙምባይ ውስጥ ከ150,000 በላይ ሴቶችን 20 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። የሰለጠኑ ተራ የጤና ሠራተኛ ሴቶች ናቸው በእጃቸው በየሁለት ዓመቱ የመረመሩት። በሽታው ቀድሞ ተገኘ፤ 50 ዓመት ከሞላቸው ሴቶች መካከል የሞቱት ቁጥር በሲሶ ገደማ ቀነሰ። ለጥቅምት 9 የሚያስፈልገን ሁለት የሰለጠኑ ሴቶች፣ መጋረጃ፣ አልጋና የእጅ ውኃ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ነው ብር የሚያስፈልገው።

መምህር፣ ነሐሴ 26

ጥያቄዬ አልተመለሰም። ተገኝቶስ? ጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 ጥቁር አንበሳ ሲጀመር ለብዙ ዓመት ለመላው አገር እሱ ብቻ ነበር። ወረፋውን ሁላችንም እናውቃለን። ሕክምና ለማታገኝ ሴት ካንሰር አለብሽ ብሎ መንገር ጭካኔ አይሆንም?

ሲስተር፣ ነሐሴ 26

አሁን ጨረር ጅማን ጨምሮ ክልል ላይም ተጀምሯል። ወረፋ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ሽምብራ የምታህል ሆና የተገኘች ዕጢና ብብት ውስጥ የገባች ዕጢ አንድ ዓይነት ሕክምና አይፈልጉም። ቀድማ የመጣችው ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምናና በመድኃኒት ትገላገላለች። ዘግይታ የመጣችው ናት ሁሉንም የምትፈልገው፣ ሁሉንም የመክፈል አቅም የሌላትም እሷው ናት። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ16,000 በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር እንደተያዙ ነው የተገመተው። ሴቶችን ከሚይዘው ካንሰር ሁሉ ሲሶ ያህሉ ይኸው ነው።

ንብረት ክፍል፣ ነሐሴ 27

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ጥቅምት 9 ድንኳኑ ተተክሎ ሳለ ሰው ቢሞትስ? ነቅለን ነው የምንወስደው? ተቀምጠው ያሉትን ሴቶች «ተነሡ» ልንል ነው?

ባሻ፣ ነሐሴ 27

እኔም የምለው ይኼን ነው። ሟርቱን ተዉት ብትሉ እንኳ፣ ያ ጥቁር አረንጓዴ ሸራ ሜዳው ላይ ሲታይ ሰው ሁሉ «ማን ሞተ?» ይላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የሚመጡት። ገና ከመታየታቸው ልባቸው ይወድቃል። እናንተ ወጣቶች ይህን አታስቡም።

የቤቢ እናት፣ ነሐሴ 27

በዚህኛው ባሻ እውነት አላቸው። ነጠላ አዘቅዝቀው ይመጣሉ፣ አይቀርም። ታዲያ ያለ ድንኳን ሜዳ ላይ ሴት ልብሷን ታውልቅ? የቀበሌው አዳራሽ ይጠየቅ።

ጸሐፊ፣ ነሐሴ 28

አዳራሹን ጠየቅሁ። እሁድ ቁልፍ የያዘው ሰው አይገባም።

ንብረት ክፍል፣ ነሐሴ 28

ድንኳኑ ላይ ነጭ ጨርቅ ከላይ ቢለብስስ?

ባሻ፣ ነሐሴ 28

ነጭ ለብሶም ድንኳኑ ያው ነው። ምሰሶውን ሰው ያውቀዋል። አንዱ ምሰሶ የተሰነጠቀው ላይ ቀይ ገመድ የታሰረበት እኮ ነው።

የላይ ሰፈር፣ ጥጥ ተራ፣ ነሐሴ 29

የምጽፈው የእናቴን ስልክ ይዤ ነው። እናቴ አምና ሐምሌ ነው ያረፈችው። ሁላችሁም ቀብራችኋታል፣ በዚያ ድንኳን ሥር ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ፣ ምሰሶውንም አውቀዋለሁ።

ጥቅምት ላይ ነው ያገኘችው። እንዝርቱን ለማሾር ቀኝ እጇን ስታነሣ ብብቷ ሥር ይይዛት ነበር። ባዘቶው ከጉልበቷ እየወደቀ ትስቃለች፣ «እጄ አረጀ» ትላለች። አንድ ቀን ገላዋን ሳጥባት እኔው ነካሁት። ጤና ጣቢያ ሄደን ሪፈር ተጻፈላት። ወረቀቱን አጥፋ የስኳር ጣሳ ውስጥ አስቀመጠችው፣ አይጥ እንዳይበላው። ለጥምቀት የሚሸጥ ነጠላ ስለነበረ ማጉን ለሸማኔው ማድረስ ነበረባት። ካላደረሰች ሌላ ፈታይ ይይዛል። ከጥምቀት በኋላ ሄድን። ካርድ ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀ። አልትራሳውንዱን ውጭ አሠሩ አሉን። አንድ የግል ክሊኒክ ዋጋውን ሲነግረን እናቴ «ነገ እንመጣለን» ብላ ወጣች። ነገ አልሄድንም። ጸበል ገባች። ጸበሉን አልነቅፍም፣ እዚያ ገንዘብ የጠየቃት የለም። መርፌው የተደረገላት ሰኔ ላይ ነው። ያኔ ጡቷ ቆስሎ ነበር።

በሞተች ማግስት እድሩ ብሩን ቆጥሮ እጄ ላይ ሰጠኝ። አመሰግናለሁ። ብሩን ሳየው ግን አልትራሳውንዱና መርፌው ከዚያ እንደሚያንሱ አወቅሁ።

ድንኳኑን የት እንደምትተክሉት አላውቅም። እኔ ድንኳን ውስጥም ቢሆን እመረመራለሁ።

ዳኛ፣ ነሐሴ 29

ነፍስ ይማር። ሁላችንም ሰምተናል።

ባሻ፣ ነሐሴ 29

ልጄ፣ ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልሽ። ከድንኳኑ ጋር ያነሣሁትን በሌላ እንዳትወስጂብኝ። እናትሽን አውቃታለሁ፣ የለበስኩትን ጋቢ የፈተለችው እሷ ናት።

ሜሪላንድ፣ ነሐሴ 30

500 ዶላር አድርጉት።

ጸሐፊ፣ ጳጉሜን 2

ማሙሽ፣ ቅጹ ምን ደረሰ? ረቂቅ 2 ላይ የሴቶቹ ቁጥር መግባት አለበት። ያለ ቁጥር ጉባኤው አያጸድቅም።

የቤቢ እናት፣ ጳጉሜን 4

ቅጹን ከእኔ አልወሰደም። ስልኩም አይሠራም። ጓደኞቹን ጠየቅሁ፣ «እኛ አልተነገረንም» አሉ።

ዳኛ፣ መስከረም 3

እንኳን አደረሳችሁ። በበዓሉ ሳስብበት አንድ መላ መጣልኝ። የድንኳኑን ጭቅጭቅ ለመጨረስ ለምን ሁለተኛ ድንኳን አንገዛም? ነጭ፣ ለደስታና ለጤና ብቻ የሚውል። ጥቅምት 9 እሱን እንተክላለን። ሌላ ጊዜ ለሠርግና ለልደት እናከራየዋለን፣ ኪራዩ ደግሞ ለታማሚዎቹ ይሆናል። 180,000ውን አንዴ አውጥተን ከምንጨርሰው ይህ ለዘለቄታው ነው።

ንብረት ክፍል፣ መስከረም 3

ይህ ሐሳብ ነው። መርካቶ ጠይቄ ዋጋ አመጣለሁ።

ባሻ፣ መስከረም 3

በዚህ እስማማለሁ። ነጭ ከሆነ ቅር የሚለው አይኖርም።

መምህር፣ መስከረም 4

ገቢ ያለው ነገር ጉባኤው ቶሎ ያጸድቃል። ምርመራው ብቻ ሲሆን «ለምን ለሴቶች ብቻ፣ የእኛ ፕሮስቴትስ?» የሚሉ ወንዶች አሉ፣ ሰምቻቸዋለሁ።

ንብረት ክፍል፣ መስከረም 8

ከነምሰሶው፣ 10 በ20 ሜትር፣ 95,000 ብር። ሸራው ውኃ የማያስገባ ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ መስከረም 8

ድንኳን ከሆነ ለእኔ ይቀለኛል። ደረሰኝ አለው፣ ንብረት መዝገብ ላይ ይገባል፣ ኦዲተር ሲመጣ አሳየዋለሁ።

ሲስተር፣ መስከረም 9

ሂሳቡን አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አስቡት። ከ180,000 ላይ 95,000 ሸራ። 30,000 ለዕለቱ። የሚቀረው 55,000 ነው። የተነሳነው 150,000 ብለን ነበር።

በጥቅምት 9 ድንኳን ውስጥ አንዲት ሴት እመረምራለሁ፣ እብጠት አገኛለሁ። ከዚያ ምን ልበላት? «ሪፈር ይዘሽ ሂጂ» ነው የምላት። ያንኑ ወረቀት ነው የምሰጣት፣ የስኳር ጣሳ ውስጥ የሚገባውን። ይህን 27 ዓመት ሠርቼዋለሁ፣ ለዚያ ድንኳን አያስፈልገኝም።

ኪራዩ መቼ ነው የሚገባው? ሠርግ የሚበዛው ጥርና ሚያዝያ ነው። እብጠት ጥርን አይጠብቅም። ለሟች ወዲያው የምንቆጥረውን ብር በሕይወት ላለችው «ኪራይ ሲገባ» እንበላት?

ዳኛ፣ መስከረም 9

ሲስተር፣ ማንም አልካደም። ግን ሐሳቡ ማለፍ አለበት። ያለ ድንኳኑ ድምፅ አያገኝም፣ እኔ ሰዉን አውቀዋለሁ።

የቤቢ እናት፣ መስከረም 10

ድንኳን ከተገዛ ወንበርም ያስፈልጋል። የድሮዎቹን ብንወስድ ያው የሐዘን ናቸው ልትሉ ነው። የሴቶች እድር 60,000 የሚያዋጣ ከሆነ 50 ፕላስቲክ ወንበር በስሙ ይመዝገብ። ሁልጊዜ ድስትና ሰፌድ የእኛ፣ ድንኳንና ወንበር የወንዶች ሆኖ ኖሯል። ይህ ካልተስተካከለ 60,000ው አይወጣም።

ሲስተር፣ መስከረም 10

አንቺም?

የቤቢ እናት፣ መስከረም 10

ሲስተር፣ አትቀየሚኝ። የሴቶች እድር ጥያቄ 12 ዓመት የቆየ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። አንዴ በር ሲከፈት ካልገባን አንገባም።

ሜሪላንድ፣ መስከረም 11

500 ዶላሩ ለድንኳን አይደለም። ለመርፌ ካልዋለ አልልክም። ይህን በጽሑፍ አስፍሩልኝ።

ጸሐፊ፣ መስከረም 14

ረቂቅ 4 ከዚህ በላይ ያሉትን ሁሉ አካትቷል።

የሐሳቡ ስም፦ የማኅበራዊና የጤና አገልግሎት ድንኳን ግዢ እና የምርመራ ድጋፍ።

ነጭ ድንኳን 95,000። ወንበር 50፣ በሴቶች እድር ስም፣ 20,000። የጥቅምት 9 ዝግጅት 30,000። ለምርመራ ክትትል 35,000 እና ከሜሪላንድ የሚላከው በሙሉ። የቀን ገቢ ማካካሻ የሚለው በገንዘብ ያዥ ጥያቄ ወጥቷል፤ ታክሲ በቀጠና ሰብሳቢ ፊርማ ይወራረዳል። የድንኳኑ ኪራይ ግማሹ ለክትትል፣ ግማሹ ለጥገና።

ቀሪ ነጥብ፦ የድንኳኑ ጠርዝ ሮዝ ይሁን ወይስ ሰማያዊ። እስከ እሁድ ድምፅ ስጡ።

ባሻ፣ መስከረም 14

ሰማያዊ።

ንብረት ክፍል፣ መስከረም 14

ሰማያዊ። ሮዝ ቶሎ ይለቃል።

መምህር፣ መስከረም 14

የጡት ካንሰር ምልክቱ ሮዝ ነው። የተገዛበት ዓላማ እንዲታወስ ሮዝ ይሁን።

ባሻ፣ መስከረም 14

ለሠርግ ሮዝ ድንኳን ማን ይከራያል?

ሲስተር፣ መስከረም 15

ስለ ቀለሙ ድምፅ የለኝም። «የቀን ገቢ ማካካሻ» የሚለው ወደ ረቂቁ ካልተመለሰ ጉባኤ ላይ ቆሜ እናገራለሁ፣ በቃለ ጉባኤም ይያዝልኝ። ደረሰኝ ችግር ከሆነ ሸማኔውም እንጀራ ተረካቢውም በአውራ ጣቱ ይፈርምላታል፤ ይህን ያህል የማይታመን ሰው እድራችን ውስጥ ካለ ለቀብሩም አንሂድ።

ገንዘብ ያዥ፣ መስከረም 15

የአውራ ጣት ፊርማ ከቀጠና ሰብሳቢ ጋር ከሆነ እቀበላለሁ። ከ35,000ው ግን አይበልጥም።

ማሙሽ፣ መስከረም 16

ይቅርታ፣ አዳማ ሥራ አግኝቼ ነበር የጠፋሁት። ለመስቀል መጥቻለሁ። ቅጹን የሚሠራ ሰው ተገኘ?

የላይ ሰፈር፣ ጥጥ ተራ፣ መስከረም 16

ቅጹን ከቤቢ እናት ቤት እኔ ወስጄዋለሁ። እስካሁን 41 ቤት ዞሬያለሁ። እብጠት አለን ያሉ ስድስት ናቸው። ከስድስቱ አራቱ ሪፈር ተጽፎላቸው ቤት አስቀምጠውታል። የአንዷ ወረቀት የተጻፈው የዛሬ ዓመት ኅዳር ነው።

ሲስተር፣ መስከረም 16

የኅዳሯን ሴት ከጉባኤ በፊት መውሰድ አለብን። ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዣው ላይ እጠብቃታለሁ። ወረቀቱ ጊዜው ስላለፈ ከጤና ጣቢያ አዲስ እናጽፋለን፣ ካርዷንም ይዛ ትምጣ። የአልትራሳውንዱን ወጪ ለዚህ ጊዜ እኔ እችላለሁ። ሐሙስ የምትጋግረው እንጀራ ስላለ ምጣዱ ላይ የሚተካት ሰው እፈልጋለሁ፣ 60 እንጀራ ነው፣ ሊጡ ቦክቶ ይቆያል።

የቤቢ እናት፣ መስከረም 16

እኔ እጋግርላታለሁ። ቤቷን ላኪልኝ።